ድምፅ ሆኖ የተቀመጠ ቁጥር፤ የአንድ የቤት ኮምፒዩተርና የቴፑ እድሳት

ከደሴ ተነሥቶ በውርጌሳ፥ በመርሳና በወልድያ አድርጎ ወደ ቆቦ፥ ወደ አላማጣና ወደ ኮረም የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በ1977 ዓ.ም. የእርዳታ እህል የሚጫንበትና ቀዬውን ጥሎ የወጣ ሕዝብ የሚጓዝበት መንገድ ነበር። በሀብሩ የምትገኘው የግራና ስም ከቆቦ ጋር ተጣምሮ «የቆቦ ግራና ሸለቆ» በሚል በመስኖ መሐንዲሶች ዘንድ ዛሬ በሰፊው ይታወቃል። ነገር ግን ሸለቆውን ያስጠራው የከርሰ ምድር ውኃ በጥልቅ ጉድጓድ እየተሳበ እርሻ ማጠጣት የጀመረው ከዚያ ክፉ ዘመን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የአገሩ ገበሬ ዓይኑን የጣለው በሰማይ ላይ ነበር፤ ሰማዩም ነፈገው።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢ.ቢ.ሲ. ዘጋቢና መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ የካሜራ ሰው፥ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ዜና በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማያውቅ የለም። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የአገራቸውን ዘፋኞች ሰብስበው «ባንድ ኤድ» በሚል ስም ኅዳር 16 ቀን አንድ ዘፈን አስቀረጹ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ «ላይቭ ኤድ» የተባለው ታላቅ ትርዒት ተደረገ። የዘፈኑ ርእስ «ለመሆኑ ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ጥያቄ ነበር። የልደትን በዓል ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲያከብር የኖረን አገር እንዲህ ብሎ መጠየቅ፥ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም፥ ከዕውቀት የመጣ አልነበረም። በወሎ ምድር ክርስቲያኑ ቀርቶ ሙስሊሙ ጎረቤቱ እንኳ ገና መቼ እንደሚውል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ የታወቀ ታሪክ ነው። ብዙም ሳይነገር የቀረው በእነዚያው ወራት የኮምፒዩተር ጨዋታ አሳታሚዎች ያደረጉት ነው። ሮድ ከዝንስ በተባለ አሳታሚ አነሣሽነት ልዩ ልዩ ድርጅቶች የደረሷቸውን ጨዋታዎች ያለ ክፍያ ሰጡና አሥር አሥር ጨዋታ የያዘ ካሴት ተዘጋጀ። «ሶፍት ኤድ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በማርች 1985 በ4 ፓውንድ ከ99 ፔንስ ለገበያ ቀረበ፤ በጊዜው ምንዛሪ ከ11 እስከ 12 ብር ገደማ መሆኑ ነው። አንደኛው ዓይነት ለሲንክሌር ስፔክትረም፥ ሁለተኛው ለኮሞዶር 64 የተሠራ ነበር። በስፔክትረሙ ካሴት ውስጥ ሳንዲ ኋይት የተባለ ቀራፂ የደረሰው «አንት አታክ»፥ እንዲሁም «ሆረስ ጎዝ ስኪንግ» የተባለው የታወቀ ጨዋታ ይገኙበታል። ካሴቱ በእንግሊዝ የሽያጭ ዝርዝር ላይ ለብዙ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ለረኃቡ መርጃ ከ350,000 ፓውንድ በላይ አስገኘ። ከ400,000 እስከ 1,000,000 ሰው እንዳለቀበት በሚገመት ረኃብ ፊት ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ነገሩን ለታሪክ የሚያበቃው ግን የገንዘቡ ብዛት ብቻ አይደለም። የወሎ ረኃብ በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ከገባባቸው ጥቂት በሮች አንዱ ይህ ካሴት ነው፤ በሩን ለመክፈት ደግሞ ካሴቱን ማየት አይበቃም። ክሩ ላይ ያለውን ለማንበብ ዛሬ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት ያለፈ ሁለት መሣሪያዎችን፥ ማለትም ኮምፒዩተሩንና ቴፑን፥ ከሞት ማስነሣት ያስፈልጋል።

ስለ ኮምፒዩተሩ ጥቂት እንበል። የሲንክሌር ስፔክትረም ለሽያጭ መቅረቡ የተነገረው ሚያዝያ 15 ቀን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1982) ነው። 16 ኪሎባይት ትውስታ ያለው በ125፥ 48 ኪሎባይት ያለው በ175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ሪቻርድ አልትዋሰር፥ የቤዚክ ቋንቋውን ስቲቭ ቪከርስ፥ ውጫዊ ገጽታውን ሪክ ዲክንሰን ነደፉት። ልቡ በሴኮንድ 3.5 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ዜድ 80 ኤ የተባለ ቺፕ ነው። ስክሪን አልነበረውም፤ የቤቱ ቴሌቪዥን ስክሪን ሆነው። የሚያስቀምጥበት ዕቃም አልነበረውም፤ የቤቱ ቴፕ ሪከርደር መዝገብ ቤት ሆነለት። ዋጋው የወረደው በዚህ ብልኃት ነው። የዲስክ መሣሪያ በዚያን ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ከራሱ ሊበልጥ የሚችል ዋጋ ነበረው፤ ቴፕ ግን በየቤቱ ነበር።

ቴፕን ለኮምፒዩተር የማዋል ሐሳብ የሲንክሌር ፈጠራ አልነበረም። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም (እ.ኤ.አ. 1963) ያወጣው ትንሹ ካሴት ለንግግር ተብሎ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ «ባይት» የተባለው መጽሔት በጠራው ጉባኤ ላይ ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጥ የጋራ ደንብ ተወጠነ። ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ሄደ። ኮሞዶር ለራሱ ማሽኖች ብቻ የሚሆን ቴፕ ሠርቶ ማንኛውንም ፕሮግራም ሁለት ጊዜ እየደጋገመ እንዲቀዳ አደረገ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኮሌኮ አዳም የራሱ ፈጣን የቴፕ መሣሪያ ነበረው፤ ነገር ግን ማሽኑ ሲበራ ከውስጡ የሚወጣው የመግነጢስ ንዝረት እዚያው የተረሳውን ካሴት ሊደመስሰው ይችል ነበር። ሲንክሌር ራሱ በዚያው ዓመት «ማይክሮድራይቭ» የሚባል፥ ዙሪያውን የተገጠመ የ5 ሜትር ክር የያዘ ጥቃቅን ማኅደር አወጣ። ፈጣን ነበር፤ እምነት ግን አይጣልበትም ነበር። ተራው ካሴት ሁሉንም ዕድሜ በለጣቸው።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንግባ። ስፔክትረም ፕሮግራምን በቴፕ ላይ የሚጽፈው እንዴት ነው? መጀመሪያ 800 ሄርትዝ ገደማ የሆነ ያልተቋረጠ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል፤ ይህም ኮምፒዩተሩ ጆሮውን እንዲያቀና ነው። ቀጥሎ ቢቶቹ ይመጣሉ። ዜሮ ሁለት አጫጭር ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት 244 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ይወስዳል። አንድ ደግሞ ሁለት ረጃጅም ምት ነው፤ እያንዳንዱ የዚያን እጥፍ፥ 489 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ የድምፁን ጉልበት አይለካም፤ ከአንዱ መገልበጫ እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ ብቻ ይቆጥራል። አጭር ከሆነ ዜሮ ይላል፤ ረጅም ከሆነ አንድ ይላል። በሴኮንድ በአማካይ 1,500 ቢት ያህል ስለሚነበብ፥ ትውስታውን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ጨዋታ ለመጫን ወደ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቴፑ የሚወጣው ጩኸት ጆሮ ይበሳል፤ በስክሪኑ ዳርና ዳር ሰማያዊና ቢጫ መስመር ይርገፈገፋል። በመጨረሻ አንድ የማመሳከሪያ ባይት ይመጣል። ድምሩ ካልገጠመ ማሽኑ «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» ብሎ ያቆማል። ስሕተት መኖሩን ያውቃል፤ ማረም ግን አይችልም። ከ390,000 በላይ ቢቶች አንዱ ከጠፋ አምስቱ ደቂቃ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ዜሮ በክሩ ላይ የሚይዘው ቦታ 0.023 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሙሉው ጨዋታ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ። እንግዲህ እድሳቱ ሲጀመር የሚደረገው ትግል የሚሊሜትርን መቶኛ የሚያህል ነገርን ለማስተካከል ነው።

ኮምፒዩተሩ ከቴፑ ይልቅ ይቀላል። ሲሊኮን በትዕግሥት ያረጃል፤ ቶሎ የሚሞተው በዙሪያው ያለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የድሮውን የኃይል ማመንጫ ሰክቶ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ማለት ክልክል ነው። የስፔክትረም ኃይል 9 ቮልት ሲሆን፥ የሶኬቱ መካከል ኔጌቲቭ፥ ውጩ ፖዚቲቭ ነው፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት አብዛኞቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። በችኮላ የተሰካ ባዕድ ኃይል በአንድ ቅጽበት ማሽኑን ሊገድለው ይችላል። ቀጥሎ የሚታየው 4116 የተባሉት ስምንት የትውስታ ቺፖች ናቸው። እነዚህ የሚኖሩት በሦስት ዓይነት ቮልት ነው፤ በ+5፥ በ+12ና በ−5። −5 ቮልቱ ከጠፋ ሌላው ቮልት እየመጣ ቺፖቹ ይቃጠላሉ። የ+12ቱንና የ−5ቱን ቮልት የሚያስገኘው አንድ ትንሽ የሽቦ ጥቅልልና ሁለት ትራንዚስተር ስለሆነ፥ ልምድ ያለው ጠጋኝ ቺፕ ከመለወጡ በፊት እነዚህን ይለካል። ኤሌክትሮላይቱ የደረቀባቸው ካፓሲተሮች ደግሞ ያለ ክርክር መለወጥ አለባቸው። ለዋናው ዕቃ ክብር ሲሉ አሮጌውን ካፓሲተር ትቶ ማሽኑን ማቃጠል ቅርስ መጠበቅ አይባልም።

የፊደል ሰሌዳውም የራሱ ጣጣ አለው። ከጎማ ቁልፎቹ በታች የተነጠፉት ሁለት ስስ ፕላስቲኮች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፤ ወደ ማሽኑ የሚገባው ጅራታቸው በተነካ ጊዜ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ማጣበቅ ለጥቂት ቀን ያገለግላል እንጂ አያዘልቅም፤ ለዚሁ ተብሎ በአዲስ የሚሠራ ምትክ ስለሚገኝ እሱን ማግባቱ ይሻላል። ሥዕሉ ድሮ በአንቴና መስመር ወደ ቴሌቪዥን ይገባ ስለ ነበር ከዛሬው ስክሪን ጋር አይግባባም። በአንድ ሽቦና በአንድ ካፓሲተር የሥዕሉን ምልክት ከመቀየሪያው ሣጥን በፊት ጠልፎ ማውጣት ይቻላል። ከዚህ በላይ ነካክቶ ቅርፊቱን መብሳት ግን ነውር ነው።

የቴፑ ነገር ሲመጣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቤቱ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። በአገራችን ሸክላው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ባቲና አምባሰል የተባሉት የወሎ ቅኝቶች ወደ ገበያ የወጡት በዚሁ ክር ላይ ተጠቅልለው ነው። ካሴት የዘፈን ዕቃ ብቻም አልነበረም። ዐረብ አገር ወይም አውሮፓ የሄደ ልጅ ድምፁን ቀድቶ በሰው እጅ ይልካል፤ እናት ደግሞ ቤተ ዘመድ ሰብስባ ታዳምጣለች፤ በሌላው ገጽ መልሷን ቀድታ ትመልሳለች። ቴፕ ባለበት ሁሉ የቴፕ ጠጋኝ አለ። በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በአንድ ካቻቢቴ፥ በጥቂት አልኮልና በአንድ ጥጥ ስንቱን የሞተ ቴፕ ያስነሣ ባለሙያ በእንግሊዝ አገር ለስፔክትረም እድሳት የሚፈለገውን ዕውቀት ሦስት እጅ ይዟል። ይህ ባለሙያ ዛሬ ወደ ሞባይል ጥገና ዞሯል፤ ዕውቀቱም ደቀ መዝሙር አላገኘም።

መጀመሪያ የሚለወጠው ቺንጋው ነው። ጎማው ወይ ላልቶ ይለጠጣል፤ ወይ እንደ ሬንጅ ቀልጦ በመዘውሩ ላይ ይጣበቃል። የቀለጠውን በአልኮል አጥቦ ማስወገድ እጅን የሚያጠቁር፥ ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው። ክሩን የሚጎትተው ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ከደነደነ ይለወጣል፤ ካልሆነም ይጸዳል። ሄድ የሚባለው አንባቢው ብረት ከክሩ በተራገፈ ቡናማ ዝገት ስለሚሸፈን በአልኮል ይታጠባል፤ በጊዜ ብዛት ያጠራቀመውም መግነጢስ ይገፈፋል። ይህን ሳያደርጉ ብርቅ ካሴት ማስገባት ክሩን በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ ነው። የቺንጋው ፍጥነት ትንሽ ቢዛነፍ ስፔክትረም ይታገሣል፤ ጊዜን የሚያወዳድረው አጭርን ከረጅም ለመለየት ብቻ ነውና። የማይታገሠው መንቀጥቀጥን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሄዱ አቋቋም ነው። ሄዱ በክሩ ላይ ፍጹም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ይህን የሚወስነው በጎኑ ያለች አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። በአንድ ድምፅ የተቀዳ ካሴት መስመሩ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ሄዱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፥ በመስመሩ ላይኛው ጫፍና በታችኛው ጫፍ መካከል 0.026 ሚሊሜትር ልዩነት ይፈጠራል። አንድ ዜሮ የሚይዘው ቦታ 0.023 ሚሊሜትር መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ በአንድ ዲግሪ መዛባት የመስመሩ ላይኛው ጫፍ አንዱን ቢት ሲያነብ ታችኛው ቀጥሎ ወዳለው ይዘልቃል፤ ሁለቱ ተደባልቀው አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ዘፈን የሚሰማ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያስተውለው የሽምሽምታ ድምፅ መደብዘዙን ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አይሰማም። የድሮ ጠጋኞች ብሎኗን የሚያዞሩት በጆሮ ነበር። የሚታወቅ ዘፈን ከፍተው ጩኸቱ ጥርት እስኪል ድረስ በጥቂቱ ያንቀሳቅሷታል። ለኮምፒዩተር ካሴትም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልተገኘም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ አልፎ የቢቶቹ ጩኸት ሲመጣ፥ ድምፁ ሹል ብሎ በወጣበት ነጥብ ላይ ብሎኗ ትቆማለች። አንድ ችግር አለ፤ ካሴቱ የተቀዳበት ፋብሪካ ሄድ ራሱ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብሎኗ የምትስተካከለው ለመለኪያ ሳይሆን ለዚያው ለተያዘው ካሴት ነው።

ካሴቱ ራሱም ሕመምተኛ ነው። ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሽ የሱፍ ጥፍጥፍ ሙጫዋ ደርቆ ትወድቃለች፤ ከሌላ የተረፈ ካሴት አንሥቶ መተካት ይቻላል። ለረጅም ዘመን ሳይነካ የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ስለሚያያዝ በሞተር ከመጎተቱ በፊት በእጅ፥ ማለትም ሁሉም በልጅነቱ በሚያውቀው በቢክ እስክሪብቶ፥ ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ማጫወት በቀጥታ ወደ ስፔክትረም መሆን የለበትም። ክሩ የመጨረሻውን ጊዜ ሊናገር ይችላልና፥ አስቀድሞ ድምፁ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ በዘመናዊ ኮምፒዩተር ይቀዳ። በዚህ አለካክ አጭሯ ምት እንኳ ከአሥር ጊዜ በላይ ስለምትለካ የሚያመልጥ ቢት የለም። ጨዋታው ባይጫን እንኳ የተቀዳውን ድምፅ እያጠሩ ደጋግሞ መሞከር ይቻላል፤ ክሩ ግን ያርፋል።

በዚህ ላይ በአዳሾች መካከል ክርክር አለ፤ ለሶፍት ኤድም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የስፔክትረም ወዳጆች ካሴቶቻቸውን የሚያስቀምጡበት «ታፕ» የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። ይህ ፋይል ከድምፁ ውስጥ ቢቶቹን ለቅሞ ባይት አድርጎ ይጽፋል፤ ሌላውን ይጥላል። ለጨዋታ ይህ ይበቃል፤ ፋይሉ ትንሽ ነው፥ ስሕተትም የለውም። ነገር ግን በሶፍት ኤድ ካሴት ላይ ከጨዋታዎቹ ሌላ የባንድ ኤድ ዘፈን ራሱ ተቀድቶ ነበር። ዘፈን ደግሞ ቢት አይደለም። ካሴቱን በዚህ መንገድ ያስቀመጠ ሰው አሥሩን ጨዋታዎች ያተርፋል፤ ጨዋታዎቹ ስለምን በአንድ ላይ እንደ ተሰበሰቡ የሚናገረውን ድምፅ ግን ይጥላል። ስለዚህ የካሴቱን ሁለት ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፥ ባዶውን ክር ሳይቀር፥ በሙሉ ድምፁ ቀድቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ ፋይሉ ቢከብድም ዛሬ የማስቀመጫ ቦታ ርካሽ ነው።

በግራናና በመርሳ በሣጥን ታች የቀሩት የቤተሰብ ካሴቶች የሚታከሙት በዚሁ ሥርዓት ነው። ቺንጋው ይለወጣል፤ ሄዱ ይታጠባል፤ ብሎኗ ለዚያው ካሴት ትስተካከላለች፤ ክሩም በእስክሪብቶ ተጠቅልሎ በመጀመሪያው ማጫወት ይቀዳል። ልዩነቱ አንድ ነው። የሶፍት ኤድ ካሴት በብዙ ቅጂ ተባዝቶ ስለ ተሸጠ አንዱ ቢበላሽ ሌላ ይፈለጋል፤ ከዐረብ አገር የመጣው የልጅ ድምፅ ግን ያለው በአንድ ክር ላይ ብቻ ነው።